ሬዚደንት ሐኪም አመራርን መቼ ይማር?



የሐኪም አመራር ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ቢሮና ማኅተም ያለውን ሰው ነው። እኔ ግን ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ልጀምር። አስቸኳይ ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልጋቸው ሁለት ታካሚዎች በአንድ ጊዜ ደረሱ እንበል። ለሥራ ዝግጁ የሆነው የቀዶ ሕክምና ክፍል አንድ ነው፤ የማደንዘዣ ባለሙያውም አንድ፤ የተገኘው ደም ጥቂት ነው። ማን ይቅደም? ሲኒየሩ መቼ ይጠራ? የምትጠብቀውን ታካሚ ቤተሰብ ማን ያነጋግር? ተረኛው ሬዚደንት ይህን ሁሉ ማንም ሳያስተምረው ይወስናል፤ ሲሳሳት ግን በጠዋቱ ስብሰባ ይገሠጻል።

አገራችን የሆስፒታል አመራርን ችላ አላለችም። እ.ኤ.አ. በ2008 ጅማ ዩኒቨርሲቲ ከጤና ጥበቃ ሚኒስቴርና ከየል ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር በሆስፒታል አስተዳደር የማስተርስ ትምህርት ጀመረ። በ2010 ደግሞ ሚኒስቴሩ የሆስፒታሎች ሪፎርም አተገባበር መመሪያን አወጣ። ሁለቱም የሚመሰገኑ ናቸው። ሆኖም ትኩረታቸው በተቋሙና በሥራ አስፈጻሚው ላይ ስለ ነበር፣ በታካሚው አልጋ አጠገብ የሚወስነው ሐኪም ከትምህርቱ ውጭ ቀረ።

ጉዳዩ የሚከብደው ከምረቃ በኋላ ነው። በሦስት እርከን በተዋቀረው የጤና ሥርዓታችን አንድ ጠቅላላ ሆስፒታል ከ1 እስከ 1.5 ሚሊዮን ሕዝብ እንዲያገለግል ታስቧል። እንደ ወልቂጤና ቡታጅራ ወዳሉ ከተሞች የሚመደብ አዲስ ስፔሻሊስት ልብሱን ሳያወጣ የክፍል ኃላፊ ሊሆን ይችላል። የተረኛ ድልድል፣ የመድኃኒት ጥያቄ፣ የሪፈር ውሳኔ፣ የባለሙያዎች ቅሬታ ሁሉ በእርሱ ጠረጴዛ ላይ ይከመራል።

የካናዳ የሐኪሞች ኮሌጅ ስፔሻሊስት ሊኖረው ከሚገባው ሰባት ሚናዎች አንዱን «አስተዳዳሪ» ይለው ነበር፤ በ2015 «መሪ» ሲል ቀየረው። ስም መለወጥ ብቻውን ሥራ አይሠራም፤ ግን ኃላፊነቱን ከቢሮ አውጥቶ ወደ ዋርድ ማምጣቱን እወድለታለሁ።

ታዲያ እንዴት ይሰጥ? በሆቴል አዳራሽ በሦስት ቀን ሥልጠና አይመስለኝም (አበሉን ግን አልነቅፍም)። ምሳሌያችን ቅርብ ነው። በ1979 ዓ.ም. አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡሜኦ ዩኒቨርሲቲ ጋር በቡታጅራ ዙሪያ በዘጠኝ የገጠርና በአንድ የከተማ ቀበሌ ልደትንና ሞትን ቤት ለቤት መመዝገብ ጀመረ። ለመወሰን አስቀድሞ መቁጠር ያስፈልጋል። ሬዚደንትም ይህንኑ በክፍሉ ማድረግ ይችላል፦ በኦፕራሲዮን እንድትወልድ ከተወሰነበት ደቂቃ ቀዶው እስከሚጀመርበት ስንት ጊዜ አለፈ? የዘገየው ደም ነው፣ ሰው ነው፣ ወይስ ቁልፍ የያዘው ሰው ጠፍቶ ነው? አንድ ደብተርና አንድ ሰዓት ይበቃል። ከዚያ ምክንያቱን ለሲኒየሩ ብቻ ሳይሆን ለነርሷም፣ ለላቦራቶሪውም፣ ለጥበቃውም አስረድቶ ማስተካከል ነው ከባዱ፤ መምህሩ ሊከታተለው የሚገባውም ይህ ነው።

«ሬዚደንቱ እንቅልፍ እንኳን የለውም፤ ደግሞ ሌላ ትምህርት?» የሚል ተቃውሞ ይነሣል፤ ትክክልም ነው። ስለዚህ አዲስ ሸክም አልጠይቅም። እኔም በሬዚደንትነቴ የተረኛ ድልድል አወጣ ነበር፤ ፍትሐዊ መሆኑን አንድም ሰው ጠይቆኝ አያውቅም። አሁን የሚሠራው ሥራ ይመዘን፣ ይታረም ነው የምለው። በግምገማ ቅጹም ላይ የነርሶችና የአዋላጆች አስተያየት ይካተት። ይህን ስል ፊታቸውን ያጨፈገጉ ባልደረቦች አያለሁ፤ ጥያቄውን ከእነርሱ እንጀምር።