የደጋ ሞተር

ወደ ጋራዣችን የሚመጣ ወጣት ጥያቄው ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። «ጋሼ፣ ስፖርት ያድርጉልኝ» ይለኛል። ማርሚታው ተቆርጦ እንዲጮህ፣ ሞላው ተቆርጦ መኪናው ወደ መሬት እንዲጠጋ፣ ሰፊ ቸርኬ እንዲገባለት ይፈልጋል። ስልኩን አውጥቶ የዱባይ ወይም የጃፓን ቪዲዮ ያሳየኛል። መኪናው ያምራል፣ አልክድም። የእኔ ዓይን ግን ከመኪናው አልፎ ከበስተጀርባ ያለውን ባሕር ነው የሚያየው። እዚያ ያለው ሞተር የሚስበው አየር እኛ ዘንድ የለም።

ደብረ ታቦር ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ስንደርስ አየሩ ከግፊቱ ከሩብ በላይ አጥቷል። ሞተር በነዳጅ ብቻ አይሮጥም፤ የሚያቃጥልበት አየር ካላገኘ የተጨመረለት ቤንዚን ጥላሸት ሆኖ ነው የሚወጣው። ፋብሪካው 70 የፈረስ ጉልበት ብሎ የለቀቃት ቪትዝ ደብረ ታቦር ላይ በ50 ገደማ ነው የምትሠራው። ወረታ፣ 1,800 ሜትር አካባቢ፣ ትንሽ ትሻላለች። ክምር ድንጋይን አልፋ በጉና ግርጌ ወደ ነፋስ መውጫ ስታቀና ደግሞ 3,000 ሜትርን ተሻግራ ከ50ም ትወርዳለች። ባለቤቱ ይህን አያውቅምና «ሞተሩ ደክሟል፣ ፋሻ ይቀየርልኝ» እያለ ይመጣል።

እዚህ ላይ መካኒኩም ሊሳሳት የሚችልበት ነገር አለ። ኮምፕረሽን የምንለካበት ጌጅ ከአካባቢው አየር ተነሥቶ ነው የሚቆጥረው። የፋብሪካው መጽሐፍ 12 ባር ይላል፤ እኛ ስንለካ 9 ባር ገደማ እናገኛለን። መጽሐፉን እንዳለ የሚያምን ሰው ጤነኛ ሞተር ፈትቶ ይዘረግፋል፣ ደንበኛውንም ለወራት ደመወዙ ያስከፍላል። ለሠልጣኞቼ የምነግራቸው ቁጥሩን ትተው ሲሊንደሮቹን እርስ በርስ እንዲያነጻጽሩ ነው። አራቱም 9 ከሆኑ ሞተሩ ደህና ነው። ሦስቱ 9፣ አንዱ 6 ከሆነ ያኔ ቴስታታውን ለመፍታት እንነጋገራለን።

ደጋ ሲወስድ የሚሰጠውም ነገር አለ፤ ፈጣን መኪና ለመሥራት የሚያስብ ሰው መጀመር ያለበት ከዚያ ይመስለኛል። ሞተር የሚያንኳኳው ሲሊንደር ውስጥ ያለው ግፊትና ሙቀት ከቤንዚኑ አቅም በላይ ሲሆን ነው። የእኛ ሲሊንደር ከመጀመሪያውም የሚሞላው በሳሳ አየር ስለሆነ ከዚያ ጣሪያ ገና ሩቅ ነው። ስለዚህ እንደ ዲኤክስ ባለ አሮጌ ቶዮታ፣ ካርቡራተርና ዲስትሪቢዩተር ባለው መኪና ላይ፣ ቴስታታውን ሬቲፊካ ቤት ወስዶ በጥቂቱ አስልጦ ኮምፕረሽኑን ከፍ ማድረግ፣ የካንዴላውን እሳት በአንድ ሁለት ዲግሪ ማስቀደም፣ የካርቡራተሩን የነዳጅ ቀዳዳ በአነስተኛ መቀየር ይቻላል። ካንዴላው ጥቁር መሆኑ ይቀርና ቡናማ ይሆናል፤ መኪናዋም ዳገቱን በአንድ ማርሽ ከፍ ብላ ትወጣለች። ቱርቦ የለም፣ ከውጭ የመጣ ዕቃ የለም። ዲኤክሷ ጉልበቷን በኋላ እግሯ የምታወጣ በመሆኗ ደግሞ ለዚህ ሥራ ሸጋ መኪና ናት። 

ግን እንዲህ የተሠራ ሞተር የደጋ ሞተር ሆነ ማለት ነው። ባለቤቱ ሰሊጥ ሊጭን፣ ዘመድ ሊጠይቅ ብሎ መተማ ወርዶ በዚያ ሙቀት ቢጎትትበት ማንኳኳት ይጀምራል፤ ከቀጠለበት ፒስታኑን ይበሳዋል። ሥራውን ከመጀመሬ በፊት «መኪናዋ የት ነው የምትኖረው?» ብዬ የምጠይቀው ለዚህ ነው። ብዙዎቹ የሰፈር አድራሻቸውን ይነግሩኛል።

ሌላው የደጋ ስጦታ ብርዱ ነው። ቀዝቃዛ አየር ጥቅጥቅ ይላል። ወጣቶቹ ግን ከአዲስ አበባ ያስመጡትን ክፍት ፊልትሮ ኮፈኑ ሥር፣ ከራዲያተሩ ጀርባ ያስገቡታል። እዚያ ያለው አየር ከውጭው በ40 ዲግሪ ቢበልጥ ከክብደቱ አሥር በመቶ በላይ ሄደ ማለት ነው። ከፍታው በወሰደው ላይ በራስ እጅ መጨመር! ፋብሪካው አየሩን ከፊት፣ ከመብራቱ ጎን ያስገባው ያለ ምክንያት አይደለም። ስለ ተቆረጠ ማርሚታ ብዙ አልልም፤ ጎረቤትን ያስነሣል፣ ዳገትን አይወጣም። የተቆረጠ ሞላ ደግሞ የመጀመሪያው ጉድጓድ ላይ ዋጋውን ይናገራል።

ቱርቦ የሚጠይቁኝ ጥቂት ናቸው፤ የሚጠይቁትም አንብበው ነው የሚመጡት፤ የከተማችን ዩኒቨርሲቲ የኢንጂነሪንግ ተማሪዎች ይበዙባቸዋል። ለከፍታ ትክክለኛው መድኃኒት ቱርቦ እንደሆነ ይነግሩኛል፤ እውነት ነው። የዚህ አገር ናፍጣ መኪኖች ጉናን በጭነት የሚሻገሩት በእሱ ነው። ሆኖም ቱርቦም በነፃ አይሠራም። ባሕር ዳርቻ ላይ ሞተሩን በሁለት ባር አየር ለመሙላት የውጭውን አየር እጥፍ ማድረግ ይበቃዋል። እኛ ዘንድ እዚያው ሁለት ባር ለመድረስ ወደ ሦስት እጥፍ ሊያምቀው ነው። ያን ለማድረግ ይበልጥ ይሽከረከራል፣ ይበልጥ ይግላል፣ የሚልከውም አየር አብሮ ይግላል። የጋለውን አየር የሚያቀዘቅዝ ሁለተኛ ራዲያተር ያስፈልጋል። ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ውሃ ራሱ በ91 ዲግሪ ገደማ የሚፈላበት ከተማ ውስጥ ነን። ውሃው ከዚያ በላይ ሳይፈላ የሚቆየው የራዲያተሩ ክዳን ግፊቱን አምቆ ስለሚይዝለት ነው። ሞተር ጋለ ተብሎ ከሚመጣው መኪና ስንቱ በላላ ክዳን ምክንያት እንደሆነ ብነግራችሁ አታምኑኝም። ርካሽ ዕቃ ስለሆነ ማንም አይጠረጥረውም።

የመኪና ውድድር የሚወድ ሰው አሜሪካ ውስጥ ፓይክስ ፒክ የሚባለውን ተራራ ያውቀዋል። መነሻው 2,862 ሜትር ላይ፣ መድረሻው 4,302 ሜትር ላይ ነው፤ 20 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ፣ 156 ኩርባ። የእነሱ መነሻ ከእኛ ከተማ ብዙም አይርቅም፤ መድረሻቸው ደግሞ ከጉና ራስ ትንሽ ከፍ ይላል። የፈረንሳዩ ሴባስቲያን ሎብ እ.ኤ.አ. በ2013 በፔዦ 208 ወጣው። መኪናው 875 ኪሎ ይመዝን ነበር፣ ጉልበቱም 875 ፈረስ፤ 8 ደቂቃ ከ13 ሰከንድ ፈጀበት። ከአምስት ዓመት በኋላ ሮማን ዱማ በቮልስዋገን የኤሌክትሪክ መኪና፣ በ680 ፈረስ፣ ክብደቱም ከፔዦው በበለጠ መኪና፣ 7 ደቂቃ ከ57 ሰከንድ ገባ። ጉልበቱ ያነሰው፣ ክብደቱ የበዛው አሸነፈ። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይተነፍስም፤ ታች የነበረውን ጉልበት ጫፉ ላይም ይዞት ይደርሳል።

እኛም ዘንድ የተራራ ውድድር ወግ ጨርሶ አልነበረም አይባልም። በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ሃይላንድ ራሊ የሚባል ውድድር በአገሪቱ ደጋ መንገዶች ይካሄድ ነበር። እኔ የምመኘው ግን ከዚያ ያነሰ ነው። ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር የሚወጣው መንገድ፣ ቻይናውያን በደርግ ዘመን እስከ ወልዲያ የዘረጉት፣ ለአንድ ጠዋት ቢዘጋ፤ መኪኖች አንድ በአንድ፣ እያንዳንዱ ከሰዓት ጋር ብቻ እየታገለ ቢወጣ። ዓለም ሳጋ ደን አጠገብ ያሉት ኩርባዎች ማንንም ሾፌር ይፈትናሉ። በክፍት መንገድ ላይ የሚደረገውን ግን እንደ ውድድር አልቆጥረውም። በገበያ ቀን በሬው፣ አህያው፣ ደብተር የያዘው ሕፃን ሁሉ እዚያው አስፋልት ላይ ነው። እሽቅድምድም እንደሚሄድ የነገረኝን ልጅ መኪና ሳልነካ መልሼ አውቃለሁ።

ዳገት ሲታሰብ ቁልቁለቱም አብሮ መታሰብ እንዳለበት ዐፄ ቴዎድሮስ ከሁላችን ቀድመው የተረዱት ይመስለኛል። ጋፋት ላይ፣ ከከተማችን ትንሽ ወጣ ብሎ፣ አውሮፓውያን ባለሙያዎቻቸው ያቀለጡት ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ 7 ቶን ገደማ ነበር። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ተነሥቶ መቅደላ የደረሰው መጋቢት ላይ ነው፤ መንገዱ ከፊት ከፊት እየተቆረጠለት። መንኰራኩሩን ብቻ አላሰቡም፤ መውጫና መውረጃውንም ሠሩለት።

መውረጃው ነው የሚያሳስበኝ። ስፖርት ይደረግልኝ የሚለኝ ሁሉ ስለ መውጣት ያወራል። ከደብረ ታቦር ወረታ 40 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፤ በዚያ ውስጥ መኪናው 900 ሜትር ገደማ ይወርዳል። አንድ ቶን የሚመዝን መኪና ይህን ቁልቁለት በፍሬን ብቻ ቢይዘው፣ ፍሬኑ ውስጥ የሚከማቸው ሙቀት ወደ 30 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል። ድንች የጫነ ስምንት ቶን አይሱዙ ሲሆን በስምንት አባዙት። ያ ሁሉ ሙቀት መሄጃው ዲስኩ፣ ታምቡሩና የፍሬን ዘይቱ ነው። አዲስ ዶት 3 ዘይት የሚፈላው በ205 ዲግሪ ነው፤ ከአየሩ እርጥበት ሲጠጣ ቆይቶ ሲያረጅ ግን ወደ 140 ይወርዳል። ክረምቱ እንደ እኛ በሚረዝምበት፣ ጉሙ እስከ ረፋድ በማይገለጥበት አገር ቶሎ ይጠጣል። ሲፈላ አረፋ ይሠራል፤ አረፋ ደግሞ ይጨመቃልና ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይገባል። ሾፌሩ ፍሬኑ «እምቢ አለኝ» የሚለው ይህን ነው። ቆሞ ሲቀዘቅዝ ፍሬኑ ይመለሳል፤ ጋራዥ ሲደርስ ምንም የለበትም፤ እኛም ምንም አላገኘንም ብለን ልንሸኘው እንችላለን። የዘይቱን ዕድሜ ካልጠየቅን በስተቀር።

የሚያናድደኝ ልማድ ነዳጅ ለመቆጠብ ተብሎ ማርሹን ሞርቶ አድርጎ መውረድ ነው። ኢንጀክሽን ያለው መኪና ማርሽ ውስጥ ሆኖ እግር ከቤንዚን ላይ ሲነሣ ነዳጁን ጭራሹን ይዘጋዋል፤ ሞርቶ ላይ ሲሆን ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ እየጠጣ ይወርዳል። ስለዚህ ቆጠብኩ ባይ አላተረፈም፣ ፍሬኑንም ከሰረ። በወጣህበት ማርሽ ውረድ የሚለው የድሮ ሾፌሮች ምክር ለዛሬውም መኪና ይሠራል። ገንዘብ ይዞ ለመጣ ልጅ እኔ የምመድበው እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ የፍሬን ዘይት በዶት 4 ይቀየር፣ ደህና ፓድ ይግባ፣ ጎማ ይታይ፤ ገንዘብ ከተረፈ ወደ ሞተር እንሄዳለን። ብዙ ጊዜ አይተርፍም።

አሁን ደግሞ ነገሩ ሁሉ ሊገለባበጥ ነው። መንግሥት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ከልክሏል። ፓይክስ ፒክን ያሸነፈው ድርጅት የሚሠራቸው ኤሌክትሪክ አይዲ 4 እና አይዲ 6 በቻይና በኩል ገብተው አዲስ አበባን ሞልተዋታል፤ አልፎ አልፎም ከባሕር ዳር ተነሥተው ወደ እኛ ይወጣሉ። ስለ ቴስታታ፣ ስለ ካንዴላ፣ ስለ አየር ያስተማርኩት ሁሉ ለእነዚህ አይሠራም። ዳገቱን ሲወጡ ትንፋሽ አያጥራቸውም። ሲወርዱ ሞተራቸው ጄኔሬተር ሆኖ፣ በፍሬን ሙቀት ይጠፋ የነበረውን ጉልበት አብዛኛውን ወደ ባትሪው ይመልሰዋል። ለወረታ ቁልቁለት ተብሎ የተፈጠረ መኪና ቢባል አያንስበትም። የከፍተኛ ቮልት ጓንትና ሥልጠና ሳይኖር ግን ማንም ሠልጣኝ የባትሪ ክዳን እንዳይነካ ከልክያለሁ፤ ይህ ቀልድ አይደለም። ደግነቱ እስካሁን ወደ ጋራዣችን የመጡት ለጥገና አይደለም። መሰኪያ ፈልገው ነው፤ መብራት ስትጠፋም እስክትመጣ ከእኛ ጋር ቡና ይጠጣሉ።