ተጨማሪ መረጃ፦ የሾላ ጭስና ሩቁ ባሕር

አዲስ አበባ ሾላ ገበያ የወዳደቀ ፌስታልና የተቀደደ ማዳበሪያ ተሰብስቦ ቢቃጠል ጥቁሩ ጭስ ዓይን ይለበልባል። የማይታየው ግን ይብሳል። ካርቦን ያለበት ነገር በቂ ኦክስጅን ሳያገኝ ሲነድ ፓህ የሚባሉ ውህዶች ይፈጠራሉ፤ የከሰል ምድጃና የናፍጣ መኪናም ያወጧቸዋል። ክሎሪን ያለበት ፒቪሲ ፕላስቲክ ከታከለበት ደግሞ ዳይኦክሲን ይጨመራል። ውህዶቹ ጥቀርሻ ላይ ተጣብቀው በነፋስ ይጓዛሉ፣ በዝናብ ይወርዳሉ። ስለዚህ በባሕር ዳርቻ አየር ላይ የሚገኘው ብክለት ሁሉ የመርከብና የወደብ ነው ማለት አይቻልም፤ ከመሃል አገር የሄደም ይኖርበታል። የእርድ ቀለም በቅቤ እንደሚሟሟ ሁሉ ዳይኦክሲንም በስብ ስለሚሟሟ፣ ባሕር ሲገባ በዓሣ ስብ ውስጥ ይጠራቀማል። ባሕር በር የሌላት ኢትዮጵያም እንዲህ ያሉ ኬሚካሎችን ለመቆጣጠር በ2001 እ.ኤ.አ. የጸደቀውን የስቶክሆልም ስምምነት ተቀብላለች። በስምምነቱ መጀመሪያ ከተዘረዘሩት 12 ኬሚካሎች መካከል ዳይኦክሲንና ለወባ ትንኝ ሲረጭ የኖረው ዲዲቲ ይገኛሉ።