በመኪና ውስጥ ስለሚቀመጥ የስልክ ሞገድ ማጉያ

የእጅ ስልክ በ1991 ዓ.ም. ወደ አገራችን ከገባ ወዲህ ሩቁ ቀርቧል። ነገር ግን ከደሴ በሐይቅና በውጫሌ አልፎ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ የሚሄድ ሰው፣ የአምባሰል ተራራ ሞገዱን ሲጋርድበት፣ የመኪናው ብረትም የቀረውን ሲያዳክምበት ስልኩ ዝም ይለዋል። ምጥ የያዛትን ሴት ወደ ሐኪም ቤት ለሚያደርስ ቤተ ሰብ ግን «ተዘጋጁልን» የሚለው አንድ ቃል ቀድሞ መድረሱ ታላቅ ረድኤት ነው።

ለዚህ የተበጀው መሣሪያ ኃይሉን ከመኪናው ባትሪ ይወስዳል። በጣራው ላይ ያለው አንቴና ደካማውን ሞገድ ይቀበላል፤ ማጉያው ያበረታዋል፤ በውስጥ ያለው ሁለተኛው አንቴና ለስልኩ ያደርሰዋል። የስልኩንም መልስ እንዲሁ አጕልቶ ይልካል። ሁለቱ አንቴናዎች ቢቀራረቡ ማጉያው የራሱን ሞገድ መልሶ እየተቀበለ ይታወካልና ጣራው በመካከላቸው ጋሻ ይሁን።

ዳሩ ግን ማጉያ ያለውን ያበዛል እንጂ የሌለውን አይፈጥርም። ሞገድ ከቶ በማይደርስበት ሸለቆ ከፍ ወዳለ ስፍራ ወጥቶ መደወል ይሻላል። ደግሞ ያልተፈቀደ መሣሪያ የሌላውን ሰው ስልክ ሊያውክ ስለሚችል፣ በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመውን የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል። መሣሪያው ቢኖርም ነጂው መሪውን ይያዝ፤ አጠገቡ ያለው ይደውል።

መኪና ያለው ሰው፣ በጭንቅ ቀን መኪናው የጎረቤቱም መድረሻ መሆኑን አስቦ ይህን እንዲያዘጋጅ እናሳስባለን።