የምግብ ቤት ማዕድ በኮልፌ ቀራንዮ

ኮልፌ ቀራንዮ በአዲስ አበባ ከተማ ምዕራብ በኩል የሚገኝ ክፍለ ከተማ ነው። ከጦር ኃይሎች አደባባይ ተነሥቶ ወደ ቤቴል ወይም ወደ አየር ጤና የሚጓዝ ሰው፣ በግራና በቀኝ ከሚያያቸው ቤቶች ብዙዎቹ ለመብልና ለመጠጥ የተከፈቱ መሆናቸውን ያስተውላል። አንዱ ሥጋ ቤት፣ ሌላው ክትፎ ቤት፣ ሦስተኛው ግሮሰሪ፣ አራተኛው ደግሞ ሁሉንም በአንድ ጣሪያ ሥር ያጠቃለለ «ባርና ሬስቶራንት» ነው። በዚህ ጽሑፍ ልንገልጸው የፈለግነው የምግቡን ዐይነት ብቻ አይደለም። በአገራችን ማዕድ ለረጅም ዘመን የቤት ነገር ሆኖ ሲኖር፣ ወደ ገበያ በወጣ ጊዜ ከሥርዐቱ የትኛው እንደ ጸና፣ የትኛውም እንደ ተለወጠ ለመመርመር ነው።

አስቀድሞ እህልን አብስሎ ለመንገደኛ መሸጥ እንደ ነውር ይቈጠር ነበር። እንግዳ የመጣበት ቤት እግር አጥቦ፣ ያለውን አቅርቦ፣ መኝታ ሰጥቶ ይሸኛል እንጂ ዋጋ አይጠይቅም። በቤተ መንግሥትም ቢሆን ግብር በሚባለው የአዳራሽ ግብዣ ሹሙም ወታደሩም እንደ ማዕርጉ ተራ ጠብቆ እየገባ ይበላ ነበር። በዚያ ማዕድ አብይው ጌታ፣ በይው ተገዢ ስለ ሆነ፣ እንጀራው የሥልጣንና የታማኝነት ማሰሪያ ነበር። እቴጌ ጣይቱ ዛሬ ፒያሳ በሚባለው ስፍራ ያቋቋሙትና በስማቸው የሚጠራው ሆቴል በ1900 ዓ. ም. አካባቢ ሥራ ሲጀምር፣ ሰው ገንዘብ ከፍሎ መብላትን ስላፈረ፣ ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው መኳንንቱን አስከትለው እየሄዱ በመብላትና ዋጋውን በመክፈል አርአያ ሆኑ እየተባለ ይነገራል። ይህ ትውፊት የሚያስረዳን፣ ምግብ ቤት በአገራችን የተጀመረው ነውርን በማሸነፍ ጭምር መሆኑን ነው።

ቃላቱም ታሪኩን ይመሰክራሉ። ጠላ ቤትና ጠጅ ቤት የቈዩ የአገር ስሞች ናቸው። ቢራ፣ ማኪያቶ፣ ፉርኖ፣ ፓስታና ሳልሳ ከኢጣልያንኛ የመጡ ሲሆኑ፣ አብዛኞቹ ከ1928 እስከ 1933 ዓ. ም. በነበረው የወረራ ዘመን በከተማው አፍ ጸንተዋል። «ቡና ቤት» የሚለው ስም ቡና የሚጠጣበትን ቤት ማመልከቱ ቀርቶ ቢራና አረቄ የሚሸጥበትን ቤት መጥሪያ ሆነ፤ ያም ቤት ለጨዋ ሴት የማይገባ ተደርጎ ይታይ ስለ ነበር፣ ስሙ ራሱ ነቀፋ ያዘለ ሆኖ ኖረ። «ግሮሰሪ» የተባለውም በባሕር ማዶ የሸቀጥ መደብር ሲሆን፣ በእኛ ከተማ ግን የመጠጥ ቤት ነው። «ሬስቶራንት» የሚለው አዲስ ስም በሰሌዳ ላይ መጻፉ ከእነዚህ አሮጌ ስሞች ነቀፋ ለመራቅና «ቤተ ሰብ ይዛችሁ ግቡ» ለማለት ጭምር ይመስላል። በእርግጥም ዛሬ በእሑድ ቀን ባልና ሚስት ልጆቻቸውን ይዘው፣ አንዳንዴም አያቶችን አስከትለው ይገባሉ።

የቤቱ አሠራር በአመዛኙ እንደሚከተለው ነው። በመግቢያው በኩል ሥጋው በመስታወት ውስጥ ተሰቅሎ ይታያል። ደንበኛው አስቀድሞ ወደ ሥጋ ቈራጩ ቀርቦ ከጎድኑ፣ ከሻኛው ወይም ከሌላው ብልት የሚሻውን ይመርጣል፤ በኪሎ ወይም በግማሽ ኪሎ ያስመዝናል። ቀጥሎ ቁርጡን በጥሬው ለመብላት ወይም ለጥብስ ወደ ማድ ቤት እንዲሄድለት ይነግራል። ጥብሱ ከሥሩ ፍም ባለበት ሸክላ ይቀርባል፤ አዋዜና ሚጥሚጣም አይለዩትም። ክትፎ ያዘዘ እንደሆነ «ጥሬ፣ ለብለብ ወይስ የበሰለ?» ተብሎ ይጠየቃል፤ ከጉራጌ አገር በመጣው ሥርዐት መሠረት አይብ፣ ጎመንና ቆጮ ይታከሉለታል። ከመጠጥ ወገን ድራፍት በጃምቦ፣ አምቦ ውሃና ለስላሳ ይቀርባሉ። በአንድ ጥግ ደግሞ ቄጠማ ተጐዝጕዞ፣ ረከቦት ተዘርግቶ፣ ጀበና በከሰል ላይ ተጥዶ ይታያል። የቡናው ማሽን በዚያው ቤት እያለ ጀበናው አለመቅረቱ፣ ደንበኛው የቤቱን ሽታ በገበያም ቢሆን የሚሻ መሆኑን ያመለክታል።

በገበታው ላይ የቀድሞው ሥርዐት አብዛኛው ጸንቷል። ልጅ ማንቆርቆሪያና ሳፋ ይዞ ማስታጠቡ ቀርቶ ሁሉም ወደ ቧንቧ የሚሄድ ቢሆንም፣ እጅ ሳይታጠቡ መቅረብ ግን አሁንም ያስነውራል። አንድ ትሪ በመካከል ይቀመጣል፤ በዕድሜ የሚበልጠው ካልጀመረ ታናሹ አይዘረጋም። ጉርሻም አልቀረም፤ «አንድ ጉርሻ ያጣላል» እየተባለ ሁለተኛው ይታከላል። ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን «እንብላ» የሚለው ቃል ነው። የሚያውቁት ሰው በአጠገብ ሲያልፍ፣ ምግቡ በገንዘብ የተገዛና ለተቀመጡት ብቻ የተመዘነ ሆኖ ሳለ፣ እንደ ቤት ማዕድ ግብዣው ይቀርብለታል። አላፊውም ብዙ ጊዜ መርቆ ያልፋል እንጂ አይቀመጥም። ቢሆንም ቃሉ ሳይነገር ቢቀር ሁለቱም ያፍራሉ።

የኮልፌን ማዕድ ለተመራማሪ ይበልጥ ጠቃሚ የሚያደርገው የሁለት ሃይማኖቶች ጉርብትና ነው። በዚህ ክፍል በአንድ ወገን የቀራንዮ መድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን፣ በሌላ ወገን የኮልፌ የሙስሊሞች መካነ መቃብር ይገኛል፤ ነዋሪውም በአንድ መንደር ተደባልቆ ይኖራል። በልማድ ክርስቲያኑ ሙስሊም የባረከውን፣ ሙስሊሙም ክርስቲያን የባረከውን ሥጋ አይበላም። ስለዚህ የሥጋ ቤቱ ሰሌዳ በመስቀል ወይም በጨረቃ ምልክት፣ ወይም «ሐላል» በሚለው ቃል ማንነቱን አስቀድሞ ያስታውቃል። ታዲያ የሁለቱ ሃይማኖት ሰዎች ባልንጀሮች ሆነው አብረው መብላት ሲፈልጉ ምን ያደርጋሉ? ብዙውን ጊዜ የሚያዙት የጾም ምግብ ነው። ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመንና አትክልት በአንድ እንጀራ ላይ የሚቀርብበት «በያይነቱ» ለክርስቲያኑ ጾም የተዘጋጀ ሲሆን፣ ሥጋ ስለሌለበት ለሙስሊሙ ባልንጀራም የማያስቸግር ገበታ ይሆናል። በዚህም ምክንያት የአንዱ ሃይማኖት የመታቀብ ሥርዐት ለሁለቱ የመገናኛ ስፍራ ሆኗል።

ጾሙ የቤቱንም ገቢ ይመራል። ከበዓለ ኀምሳ በቀር በየረቡዑና በየዓርቡ፣ እንዲሁም በ55ቱ የዐቢይ ጾም ቀናት፣ የፍስክ ምግብ ፈላጊ ይቀንሳል፤ ብዙ የክርስቲያን ሥጋ ቤቶችም በዐቢይ ጾም ይዘጋሉ። በቅበላ ሰሞን ግን መቀመጫ ማግኘት ያስቸግራል። በረመዳን ደግሞ የሙስሊም ምግብ ቤት ቀን ጭር ብሎ ውሎ በማፍጠሪያ ሰዓት ይሞላል።

የምግብ ቤት ማዕድ የሚፈተነው ሒሳብ በሚመጣበት ጊዜ ነው። ባልንጀሮች እያንዳንዳቸው «እኔ ልክፈል» ብለው ይከራከራሉ፤ ብልሁ እጁን ለመታጠብ የተነሣ መስሎ ወደ ገንዘብ ተቀባይዋ ሄዶ ከፍሎ ይመለሳል። ወጣቶች ማዋጣትን እየለመዱ ቢሄዱም፣ ለታላላቆቻቸው ነገሩ የጎረቤት ብድር እንደ መቈጣጠር ሆኖ ይታያል። ሆኖም በዚህ ጨዋነት ውስጥ የተሰወረ ችግር አለ። በቤት ማዕድ ድኻው ባለው ቆሎና ቡና የተደረገለትን ግብዣ ሊመልስ ይችላል፤ ሽሮም ቢያቀርብ አይነቀፍም። በምግብ ቤት ግን ብድር የሚመለሰው በብር ብቻ ነው። ደመወዙ አነስተኛ የሆነ ሰው ተራው ሲደርስ እንዳያፍር ጥሪውን በሰበብ ይሸሻል፤ ሦስት አራት ጊዜ ከሸሸም በኋላ የሚጠራው አይኖርም። በቀድሞው ጊዜ ድኻውን ወደ ማኅበሩ ያስገባ የነበረው ማዕድ በዚህ መንገድ ሊያስወጣው ይችላል።

ሌላው ሊስተዋል የሚገባው «ጉርሻ» የሚለው ቃል ነው። ቃሉ በመጀመሪያ በእጅ ጠቅልሎ በሰው አፍ የሚያኖሩትን ይገልጻል፤ በምግብ ቤት ግን ለአስተናጋጅ ከሒሳብ በላይ የሚተዉትን ገንዘብም ይጠሩበታል። ስሙን ያወረሰው ደንበኛ ለአገልጋዩ የሚሰጠውን ነገር እንደ ምጽዋት ሳይሆን እንደ ማዕድ ተካፋይነት እንዳሰበው መገመት ይቻላል። ነገር ግን ልዩነቱ ግልጽ ነው። ያጐረሰ ሰው ይጐረሳል፤ አስተናጋጇ ግን ለሰጣት ሰው የምትመልሰው ጉርሻ የላትም። የማዕዱ ቃል ተወስዶ የማዕዱ ተመላላሽነት ወደ ኋላ ቀርቷል።

ይህ ልማድ ለምን ተስፋፋ? አንደኛው ምክንያት መኖሪያው ነው። እንደ ሚኪሊላንድ ባሉት የኮንዶሚኒየም ሰፈሮች ክፍሎቹ ጠባብ ስለ ሆኑ፣ ብዙ እንግዳ ማስቀመጥና ድግስ ማብሰል ያስቸግራል፤ የምድር ቤቱ ሱቅ ግን በብዙ ስፍራ ምግብ ቤት ወይም ግሮሰሪ ሆኗል። ሁለተኛው የሴቶች ሥራ ነው። ወጥ መሥራት፣ እንጀራ መጋገርና እንግዳ ማስተናገድ በአንዲት ሴት ጫንቃ ላይ ወድቆ የኖረ ድካም ስለ ሆነ፣ ከቤቷ ውጭ ውላ የምትገባ ሚስት በእሑድ ቀን ከባሏ ጋር እኩል ተቀምጣ መብላቷ እንደ ቅንጦት ሊቈጠር አይገባም። ይህን ሳያስታውስ የቀድሞውን የቤት ማዕድ ብቻ የሚያወድስ ጸሓፊ፣ ማዕዱን ያዘጋጀችውን ሴት ዘንግቷል።

ስለዚህ የሰፈሩን ምግብ ቤት ከውጭ የመጣ ባዕድ ነገር ነው ማለትም፣ የአሮጌው ማዕድ ቅጥያ ብቻ ነው ማለትም ትክክል አይሆንም። እጅ መታጠቡ፣ የታላቅ ክብር፣ ጉርሻውና «እንብላ» ማለቱ ጸንተዋል፤ አብይነት ግን ከጌትነት ወደ ገንዘብ ተዛውሯል። ይህን ጉዳይ የሚያጠና ተማሪ ምግቡንና ዕቃውን ከመዘገበ በኋላ፣ በገበታው ዙሪያ ማን እንደ ተቀመጠ፣ ማን እንደ ከፈለ፣ ማንም ተጠርቶ እንዳልመጣ ቢጠይቅ መልካም ነው። ያልመጣው ሰው ምክንያት ከበላው ሰው ሒሳብ ይልቅ ስለ ሰፈሩ ኑሮ ብዙ ያስረዳልና።