መጀመሪያ ነዋሪ ፈልጉለት

አሮጌ ትምህርት ቤት ገዝቶ «ምን ላድርገው?» የሚለኝን ደንበኛ መጀመሪያ የምልከው ዋሽንግተን መሃል ወዳለው ፍራንክሊን ትምህርት ቤት ነው። ሥራው የኔ አይደለም፤ ባለሙያ ግን የሌላውን ሥራ ቢያሳይ አያፍርም።

ጀርመን ተወላጁ አርክቴክት አዶልፍ ክለስ የነደፈው ይህ የቀይ ጡብ ሕንጻ የተመረቀው እ.ኤ.አ. በ1869 ነው። በ1880 የአሌክሳንደር ግራሃም ቤል ረዳት ከጣሪያው ላይ ድምፁን በብርሃን ጨረር ልኮ፣ ቤል 213 ሜትር ርቆ ካለው ቤተ ሙከራው ሰምቶታል። በ1996 ብሔራዊ ታሪካዊ ቅርስ ተባለ። ክብር ግን ዝናብ አይከለክልም። የቤት አልባዎች መጠለያነቱ በ2008 ካበቃ በኋላ ለዓመታት ባዶውን ከረመ።

ባዶ ቤት ሰው ካለበት ቤት ይልቅ ቶሎ ያረጃል። ሰው ካለ ከኮርኒሱ አንድ ጠብታ ሲወርድ በማግስቱ አቤቱታ ይመጣል። ሰው ከሌለ ያው ጠብታ ክረምት ከበጋ እየወረደ የወራጁን ጫፍ ያበሰብሳል።

ጥገናውም ራሱ ያጠፋል። «የጡቡ መጋጠሚያ ረግፏል፣ በሲሚንቶ እንድፈነው» የሚሉኝን እሺ አልልም። የዚያ ዘመን ጡብ ለስላሳ ነው፤ እርጥበቱን የሚያስወጣው በኖራው መጋጠሚያ በኩል ነው። በሲሚንቶ ሲዘጋበት ውሃው በጡቡ ፊት ይወጣል፣ በብርድ ወራት እዚያው በረዶ ሆኖ ቅርፊቱን ይልጠዋል። እንዲህ የተጎዳ ግድግዳ ላይ ሲሚንቶው ሳይነካ ወደ ውጭ ቀርቶ፣ ጡቡ ወደ ውስጥ ተበልቶ ይገኛል። ደንበኛዬን ጣቱን እንዲሰድበት አደርጋለሁ፤ ከዚያ በኋላ ክርክር የለም።

ፍራንክሊን በ2020 ፕላኔት ወርድ የተባለ የቋንቋ ሙዚየም ሆኖ ተከፈተ። የማደንቀው ምርጫውን ነው። ትምህርት ቤት ሰፋፊ ክፍልና ብዙ ሰው የሚችል ደረጃ አለው፤ ሙዚየምም የሚፈልገው ያንኑ ነው። አፓርታማ ይሁን ቢባል ለየቤቱ ወጥ ቤትና መታጠቢያ፣ ለየቧንቧው ቀዳዳ ሊበጅ ነው።

እንዲህም ሆኖ የአየር ቱቦው የት ይለፍ የሚለው ጥያቄ አይቀርም። ኮርኒሱን ዝቅ አድርገን እንሸፍነው የሚል ሁልጊዜ አለ። ያን ጊዜ አዲሱ ኮርኒስ የረጅሙን መስኮት አናት ይቆርጠዋል፤ ከመንገድ ማዶ ሳይቀር ያስታውቃል። እኔ ቱቦው በኮሪደሩ እንዲያልፍ፣ ክፍሎቹ ሙሉ ቁመታቸውን እንደያዙ እንዲቀሩ እሟገታለሁ። ኮሪደር ላይ ቀና ብሎ የሚያይ ጎብኚ ጥቂት ነው።