ዝንጀሮን ማን ይመክረዋል?

እ.ኤ.አ. በ2024 በመላው ዓለም ጊኒ ዎርም በተባለው የትል በሽታ የተያዘው ሰው 15 ብቻ ነበር፤ ዘጠኙ በቻድ፣ ስድስቱ በደቡብ ሱዳን። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ።) በ1986 ግን በዓመት 3.5 ሚሊዮን ያህል ሰው ይያዝ ነበር። ለበሽታው ክትባት የለም፤ የሚያድን መድኃኒትም እስከ ዛሬ አልተገኘም። ቁጥሩ ይህን ያህል የወረደው ውሃ በጨርቅ በማጣራት፣ ኩሬ በማከምና መንደር ለመንደር ዞሮ በማስተማር ነው። ታዲያ የቀረችው ጥቂት ነገር ለምን አላለቀችም? ምክንያቱ ውሻና ዝንጀሮ ነው።

ትሉ ከወስፋት ወገን ነው። ወስፋት ግን አንጀት ውስጥ ይኖራል፤ ይሄኛው ጉዞው ከሥጋ ወደ ቆዳ ነው። ሰው ያልተጣራ የኩሬ ውሃ ሲጠጣ ሳይክሎፕስ የሚባሉ፣ በዓይን እንደ ነጥብ የሚታዩ ደቂቅ የውሃ እንስሳትን አብሮ ይውጣል። እነሱ በሆድ ውስጥ ሲሟሙ የተሸከሙት እጭ ነጻ ይወጣል። ወንዱ ትል ከሴቷ ከተገናኘ በኋላ ይሞታል፤ ሴቷ ታድጋለች። አንድ ዓመት ያህል ሰውየው ምንም አይሰማውም። ከዚያ አብዛኛውን ጊዜ እግሩ ላይ ውሃ የቋጠረ እብጠት ይወጣና እንደ እሳት ያቃጥለዋል። ሲብስበት እግሩን ውሃ ውስጥ ይነክራል። ትሏም የምትጠብቀው ይህንን ነው፤ እብጠቱ ይፈነዳል፣ ጫፏን ብቅ አድርጋ ወተት የመሰለ ፈሳሽ ትረጫለች። ፈሳሹ ውስጥ ያሉትን እልፍ እጮች ሳይክሎፕሶች ይበሏቸዋል፤ ሁለት ሳምንት ያህል ሲያልፍ ኩሬው ለሚቀጥለው ጠጪ ዝግጁ ነው።

ሕክምናው ከጥንት አልተለወጠም። ብቅ ያለውን ጫፍ በፋሻ ወይም በትንሽ እንጨት ላይ ጠቅልሎ በቀን ጥቂት ሳንቲ ሜትር ማውጣት ነው። ትሏ እስከ አንድ ሜትር ትረዝማለች፣ ግን ቀጭን ናት። ቸኩለው ከጎተቷት ትበጠሳለች፤ ውስጥ የቀረው ቁራጭ ቁስሉን ያመረቅዘዋል። ስለዚህ ሥራው ሳምንታት ይፈጃል፤ ገበሬው ደግሞ በዚያ ሁሉ ጊዜ እርሻው ላይ አይገኝም። በኦሪት ዘኍልቍ እስራኤላውያንን በበረሃ የነደፉት እባቦች ይህ ትል ናቸው የሚሉ ጸሐፊዎች አሉ። እኔን አላሳመኑኝም፤ ትሉ በግብፅ እንደነበረ ግን የጥንት ሬሳ ይመሰክራል።

ዘመቻው የተነደፈው ትሉ ያለ ሰው አይኖርም በሚል እምነት ነበር። ሰው ኩሬ ውስጥ እግሩን ካልነከረና ውሃውን ካጣራ ሰንሰለቱ ይበጠሳል ተባለ። በ2012 ግን ቻድ ውስጥ የተያዙ ውሾች ይገኙ ጀመር፤ በ2019 ቁጥራቸው ከ1,900 አለፈ። በዘረመል ምርመራ ሲታይ የውሻውና የሰውየው ትል አንድ ዓይነት ሆነ። ውሻ ውሃ ሲልስ ሳይክሎፕስ በብዛት ስለማይውጥ ተመራማሪዎች ፊታቸውን ወደ ምግቡ አዞሩ። በቤተ ሙከራ እጩ ዓሣና እንቁራሪት ውስጥ ገብቶ መቆየት እንደሚችል ታየ፤ ቻድ ውስጥም እጩን የተሸከመ እንቁራሪት ተገኘ። ከዚያ ወዲህ ዓሣ አጥማጆች የዓሣውን ሆድ ዕቃ ለውሻ እንዳይወረውሩ፣ እንዲያቃጥሉት ወይም እንዲቀብሩት ይመከራሉ። ውሻውንም ያስሩታል።

የእኛ ጉዳይ ከዚህ ይከብዳል። ጋምቤላ ውስጥ ከውሻ በተጨማሪ በ2013 በሽታው በዱር ዝንጀሮ ላይ ተገኘ። ቦታው የአቦቦና የጎግ ወረዳዎች ጫካ ነው። ሰው ለአደን፣ ለማርና ለእርሻ ወደዚያ ይገባል፤ የዝንጀሮው መንጋም ከጫካው ኩሬ ይጠጣል። ውሻ ይታሰራል፣ ሰው ይመከራል፤ ዝንጀሮን ግን ማን ይመክረዋል? ስለዚህ ባለሙያዎች ዝንጀሮዎችን በወጥመድ ይይዛሉ፣ በማደንዘዣ ያስተኛሉ፣ ቆዳቸውን በጣት እየዳሰሱ ቁስልና ትል ይፈልጋሉ፣ ደም ወስደው መልሰው ይለቃሉ። ለአንዳንዶቹ መንገዳቸውንና የሚጠጡበትን ኩሬ የሚያሳይ መከታተያ አንገታቸው ላይ ያስሩላቸዋል። የደሙ ጉዳይ በተለይ ተስፋ ይጣልበታል፤ ትሉ ከቆዳ ከመውጣቱ በፊት የሚለይ ምርመራ ቢገኝ የአንድ ዓመቱ ዝምታ ያበቃ ነበር። እስከዚያ ድረስ የሚቻለው ኩሬዎቹን አቤት በሚባል ኬሚካል ማከም ነው፤ በተመጠነ መጠን ሲጨመር ሳይክሎፕሱን ይገድላል፣ ውሃውን ለመጠጥ አያበላሽም።

ዓለም ትሉን ለማጥፋት መጀመሪያ የቆረጠው ቀን 1995 ነበር። ቀጠሮው ብዙ ጊዜ ተራዝሞ አሁን 2030 ላይ ቆሟል። ከ1986 ጀምሮ ዘመቻውን የመሩት የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር የመጨረሻው ትል ከእሳቸው ቀድሞ እንዲሞት ይመኙ ነበር፤ በታኅሣሥ 2024 በ100 ዓመታቸው አረፉ፣ ትሉ ግን አለ። እኔ ቀጠሮው መራዘሙን እንደ ውድቀት አላየውም። ውድቀት የሚሆነው ቁጥሩ ትንሽ ስለሆነ መዘናጋት ሲመጣ ነው፤ እኛ ደግሞ ቀምሰነዋል። በ2017 ከኦሮሚያ ለእርሻ ሥራ አቦቦ የሄዱ የቀን ሠራተኞች ያልተጣራ የኩሬ ውሃ ጠጥተው 15 ሰዎች ተያዙ። ሁለት ዓመት በሰው ላይ ሳይታይ ቆይቶ በ2020 ጋምቤላ ውስጥ 11 ሰዎች ላይ ተመልሶ መጣ። አንድ አገር ነጻ ነው ለመባል ቢያንስ ሦስት ተከታታይ ዓመታት በሰውም በእንስሳም ላይ ምንም መታየት የለበትም።

ወደዚያ ለእርሻ ሥራ የሚሄድ ወንድም ወይም ልጅ ያላችሁ፣ የማጣሪያ ጨርቅ ይዞ እንዲሄድ ንገሩት። በሰውም በውሻም ቆዳ ላይ ትል ብቅ ሲል ያየ ሰው የታመመውን ወደ ውሃ አያስጠጋ፤ በዚያው ቀን ለጤና ኬላ ይናገር። ለጠቋሚ ሽልማት አለው።