የተሠራን የብርሃን መሣሪያ በብርሃን ማረም

ለዓመታት በመስኮት አጠገብ የተቀመጠ የመዝገብ ፋይል ሽፋኑ በፀሐይ ደብዝዞ መገኘቱ በየመሥሪያ ቤቱ የተለመደ ነው። ይህ ዓይነቱ የቀለም መልቀቅ ዘወትር እንደ ጉዳት ቢቆጠርም፣ ከፖሊመር የሚሠሩ የቴሌኮሙኒኬሽን መሣሪያዎችን የምርት ስህተት ለማረም እንደሚያገለግል በምርምር ተረጋግጧል።

እንደሚታወቀው በአንድ የፋይበር ኦፕቲክስ መስመር ውስጥ በርካታ መልዕክቶች በተለያየ የሞገድ ርዝመት ጎን ለጎን ይተላለፋሉ። የሞገዶቹ ርቀት 100 ጊጋኸርዝ በሆነባቸው መስመሮች፣ በ1 ሺህ 550 ናኖሜትር አካባቢ በሁለት ጎረቤታሞች መካከል ያለው ልዩነት 0.8 ናኖሜትር ገደማ ብቻ ነው። ናኖሜትር የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። ከሞገዶቹ አንዱን ለይተው ከሚያወጡት መሣሪያዎች መካከል ማይክሮሪንግ የተባለው እጅግ አነስተኛ ቀለበት ይገኝበታል። ብርሃኑ ቀለበቱን ሲዞር፣ የቀለበቱን ዙር ያለ ትርፍ በሙሉ ቁጥር የሚያካፍለው ሞገድ ብቻ በውስጡ ይጠራቀማል፤ ሌላው መንገዱን ይቀጥላል።

ችግሩ የሚታወቀው መሣሪያው ተሠርቶ ሲለካ ነው። ቀለበቱ በዓይን በማይለይ መጠን ሰፍቶ ወይም ጠብቦ ከወጣ፣ የታሰበለትን ትቶ የጎረቤቱን መልዕክት ይይዛል። የተለመደው መፍትሔ ቀለበቱን በአነስተኛ ማሞቂያ ማስተካከል ነው፤ ሆኖም ማሞቂያው መሣሪያው በሥራ ላይ እስካለ ድረስ ኤሌክትሪክ መብላቱን አያቆምም።

በአሜሪካ የካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች የነበሩት ጆይስ ፑን፣ አምኖን ያሪቭና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2004 ኦፕቲክስ ሌተርስ በተሰኘው መጽሔት ያወጡት ጥናት ሌላ መንገድ አሳይቷል። ተመራማሪዎቹ ቀለበቶቹን ሲኤልዲ-1 የተባለ ቀለም ሰጪ ሞለኪውል ካለበት ፖሊመር በቅርጽ ማውጫ ሠርተው፣ ከዚያ በኋላ ብርሃን አበሩባቸው። ሞለኪውሎቹ ብርሃኑን ውጠው ሲበላሹ የፖሊመሩ ብርሃንን የማዘግየት አቅም ይቀንሳል፤ ቀለበቱ የሚይዘው ሞገድም ያጥራል። በግምት ስሌት ይህ አቅም በአንድ ሺህኛ ቢቀንስ ሞገዱ በ1 ናኖሜትር ገደማ ይሸሻል። በጥናቱ የተገኘው ከፍተኛ ለውጥ 8.73 ናኖሜትር ሲሆን፣ ይህም ከላይ ከተጠቀሰው የጎረቤታሞች ርቀት ከአሥር እጥፍ በላይ ነው። እርማቱ አንዴ ከተደረገ በኋላ ኤሌክትሪክ አለመጠየቁ ትልቁ ጥቅሙ ነው።

ይሁንና ዘዴው መመለሻ የለውም። የደበዘዘው ሞለኪውል ዳግም ስለማይታደስ፣ ሞገዱን ማሳጠር እንጂ መልሶ ማስረዘም አይቻልም። ስለዚህ አምራቹ ቀለበቱን ሲነድፍ ሆን ብሎ ወደ ረጅሙ ሞገድ እንዲያደላ ማድረግና እየለካ ጥቂት በጥቂት ማረም ይኖርበታል። ከሚፈለገው ያለፈ ቀለበት በዚህ ዘዴ አይድንም።

ሌላም ጥንቃቄ አለ። ሲኤልዲ-1ን የመሰሉ ሞለኪውሎች ፖሊመሩ ለኤሌክትሪክ ትዕዛዝ ምላሽ እንዲሰጥ የሚያደርጉ በመሆናቸው፣ ማደብዘዙ ከበዛ ሞገዱ ቢስተካከልም ይህ ችሎታ አብሮ ይጠፋል። ሳይደበዝዙ የቀሩትም ቢሆኑ ብርሃንና ኦክስጅን ካገኙ መበላሸታቸውን ስለሚቀጥሉ፣ የታረመው መሣሪያ ብርሃንና አየር በማያስገባ ሽፋን መታሸግ ይኖርበታል፤ አለበለዚያ እንደ መዝገቡ ሽፋን ቀስ በቀስ እየደበዘዘ ከተስተካከለበት ቦታ ይርቃል።